ጥቅምት 30ን የማያውቅ ዳታቤዝ፦ ያረጀ ሲስተም ለመቀየር ጨረታ ለምታወጡ

በመሥሪያ ቤታችሁ የግዥ ዕቅድ ውስጥ «የሲስተም ማዘመን» የሚል መስመር ገብቶ፣ ስፔኩን (የሚገዛውን ነገር ዝርዝር መግለጫ) እንድታዘጋጁ የተመራው ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ካረፈ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቢሆንም፣ ኮምፒውተር ነክ ጨረታ በወጣ ቁጥር ቴክኒክ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ መግባቴ አይቀርም። ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፦ የእንዲህ ያለ ጨረታ ዕጣ የሚወሰነው በአሮጌው ዳታ ነው። አዲሱን ስክሪን አሳምሮ የሚሠራ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ ሳይሸራረፍ ማሻገር የሚችል ግን ጥቂት ነው። የጨረታ ሰነዶቻችን ደግሞ ይህን ሥራ «ዳታ ማይግሬሽንን ያካትታል» በምትል አንዲት መስመር ያልፉታል፤ ተጫራቹም ዋጋዋ ላይ ዜሮ ሞልቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

ያላችሁን ሳትቆጥሩ ስፔክ አትጻፉ

ብዙ ቤት ገብቼ የማየው ተመሳሳይ ነው። ፊቱ፣ ማለትም ሠራተኛው የሚያየው ስክሪን፣ በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተሠራ፤ ኋላው፣ ዳታው የሚቀመጥበት፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ወይም 2008። ከጎኑ አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚገኝ የአክሰስ ፋይል አለ። ሲስተሙ የማያወጣውን ሪፖርት ለማውጣት ደግሞ ፋይናንስ በየወሩ በእጁ የሚሞላው ኤክሴል አለ። ይህ ኤክሴል በማንም የንብረት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የወሩ ሪፖርት የሚወጣው ግን በእሱ ነው። ስለዚህ ቢሮ ለቢሮ ዙሩና «ሲስተሙ እምቢ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታገኙት መልስ ማኑዋሉ ላይ የለም።

በዝርዝራችሁ ውስጥ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ እንዳለው፣ የመጨረሻው መዝገብ መቼ እንደገባበትና ማን እንደሚጠቀምበት ይኑር። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ የት እንዳለም ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ድርጅት ፈርሷል፤ ወይም ኮዱን የጻፈው ልጅ ካናዳ ገብቷል። ኮዱ ከሌለ የለም ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ተጫራቹ ዋጋ ሲያወጣ ማወቅ አለበት።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ከተባላችሁ አምናችሁ አትለፉ፤ ሌላ ማሽን ላይ አስነሥታችሁ እዩት። በተለይ የኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ባክአፕ በ2012ና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ በቀጥታ አይከፈትም፤ መጀመሪያ በ2005 ወይም በ2008 በኩል ማለፍ አለበት። አሮጌውን ማሽን ከማስወገዳችሁ በፊት ይህችን መሸጋገሪያ ሞክሩ።

ማኔጅመንቱ «እየሠራ አይደለም እንዴ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ካለ ቀኖቹን አሳዩት። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 ማበልጸጊያ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በ2008፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 በ2013፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 በ2019፣ ለዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ደግሞ በ2020 ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ለተራው ደንበኛ አይደፈንም። ይህን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ከበጀት ጥያቄው ጋር አያይዙት።

ዳታው ውስጥ ግቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ወር ሙሉ ብትሰጡትም አይባክንም።

ከቀን እንጀምር። በቢሯችን «ጥቅምት 30» ይሉኛል፤ እንዲህ ሆኖ ነው። የድሮዎቹን ፕሮግራሞች የጻፉት ልጆች የቀኑን ዓምድ ዳታቤዙ በሚያውቀው በፈረንጅ የቀን ዓይነት አድርገውታል። ጸሐፊዋ የምታስገባው ግን የእኛን ቀን ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው፤ ለዳታቤዙ ሁለተኛ ወር ማለት ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የሚባል ቀን የለውም፤ 29ም ያለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ጥቅምት 30 የመጣው ባለጉዳይ መዝገብ አልገባ ሲላት ምን ታድርግ? 28 ትለዋለች፤ ወይም ኅዳር 1። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትገባም፤ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ሆና ተመዝግባለች። መዝገቦቻችሁን በወርና በቀን ከፋፍላችሁ ቁጠሩ፤ ጥቅምት 28 ከአጠገቡ ካሉት ቀኖች ሁለት ሦስት እጥፍ ከበዛ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«ታዲያ ሁለት ቀን ቢዛነፍ ምን አለበት?» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። የቅጥር ቀን፣ የጡረታ መነሻ፣ የይግባኝ ማቅረቢያ ጊዜ የሚቆጠረው በዚህ ዓምድ ከሆነ ብዙ አለበት። መፍትሔው ግን ድርጅቱ በግምት እንዲያርመው መፍቀድ አይደለም። አዲሱ ዳታቤዝ የድሮውን ቀን እንዳለ በአንድ ዓምድ ይያዝ፣ በሌላው የተረጋገጠውን፣ በሦስተኛው ማን በየትኛው ሰነድ እንዳረጋገጠ። ያልተረጋገጠው ያልተረጋገጠ ተብሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የቀን ጣጣ የተቀላቀለ አቆጣጠር ነው። አንዱ ጸሐፊ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲያስገባ ኖሯል። ለግብይት መዝገብ መለያ መንገድ አለ፦ ማሽኑ በራሱ የመዘገበው የገባበት ሰዓት ካለ፣ ከተጻፈው ቀን ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ከሆነ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ለልደት ቀን ግን ይህ አይሠራም። «1985» የሚል የልደት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬድ ነው፤ ከማኅደሩ ከማየት ሌላ አማራጭ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ከእናንተ ወገን ይሁን ከድርጅቱ፣ ጨረታው ላይ መታወቅ አለበት።

ለውጡን በተመለከተ ደግሞ «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ደምር» በሚል ቀመር የሚሠራ ድርጅት አጋጥሞኛል። ዓመታችን ሴፕቴምበር 11 ይገባል፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግሥት ግን 12። ይህን የማያውቅ ቀመር በአንዳንዱ ዓመት ብዙ ቀኖችን ባንድ ቀን ያዛንፋል። ለፈተና የሚሆን ቀን ከፈለጋችሁ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ጥሩ ነው፤ የ2019ም ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ከዚያ ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። ሰዓትም አለ፤ «3፡00» የተባለው ጧት ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ ከሚያስገቡት ሰዎች አጣሩ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ በወጣው የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ ነበር የምንጽፈው። እነዚህ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያስቀምጣሉ። ስክሪኑ ላይ «አበበ» ይታያል፤ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ጥርቅም ነው። ፎንቱ ሲነሣ የሚታየው ዝባዝንኬ ይኸው ነው።

ወርድ ላይ የተጻፈ ሰነድ የፎንቱን ስም አብሮ ይይዛል። ዳታቤዝ ግን አይይዝም፤ ፎንቱ የተመረጠው ፕሮግራሙ ፎርም ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን ፎርም ክፈቱና የትኛው ሣጥን በየትኛው ፎንት እንደሚያሳይ ጻፉ። ፊደሎቻችን በአንድ ፎንት ስለማይበቁ በሁለት በሦስት ፋይል የተከፋፈሉ ፎንቶች ስላሉ፣ ይህ ዝርዝር ከሌለ መለወጫ ፕሮግራሙ በጭፍን ነው የሚሠራው። ሌላም ወጥመድ አለ። በእነዚህ ፎንቶች ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ የግዕዝ ፊደላት ናቸው፤ ዳታቤዙ ግን ትልቅና ትንሽ ሳይለይ እንዲሠራ ከተደረገ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ይመስሉታል። አንዱ የድርጅት ልጅ «የተደጋገመ መዝገብ ላጽዳ» ብሎ ከመለወጡ በፊት ካጸዳላችሁ የሚጠፋው የእውነት ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ከዚያ ማጽዳት። ቅደም ተከተሉ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

የጥያቄ ምልክት ብቻ የሞላበት ዓምድ ካገኛችሁ ደግሞ ልባችሁን አዘጋጁ። ዩኒኮድ አማርኛ ዩኒኮድ በማይቀበል ዓምድ ውስጥ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ቋንቋ ኤንቫርካር መሆን ሲገባው ቫርካር በሆነው ውስጥ፣ ሲገባ ፊደሉ ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ዋናው ፊደል ከዚያ በኋላ የትም የለም። ይህን የሚመልስ ሶፍትዌር አለኝ ያለ ተጫራች ካለ ነጥቡን ቀንሱለት። ከወረቀት እንደገና መጻፍ ነው፤ ስንት ረድፍ እንደሆነ ቁጠሩና በሰነዱ ላይ አውጡት።

ስምን በአጭሩ ልለፈው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኃይለማርያም፣ ሀይለማሪያም፣ ኃ/ማርያም፣ ኃይለ ማርያም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አራት ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ። ፍለጋው ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ ያግኝ፤ የተመዘገበው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ። የውጭ ፓኬጅ ከሆነ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሣጥን ተጠንቀቁ፤ እኛ የምንጽፈው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ስለሆነ ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ ያስፈልጋቸዋል። «ፋይዳ ይፈታዋል» የሚለውን ነገርም ሰምቻለሁ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ለአዳዲስ ባለጉዳዮች በርግጥ ያግዛል፤ በ1990ዎቹ ተመዝግቦ የሞተ ሰው ግን ፋይዳ የለውም።

ቢጋሩን ስትጽፉ

ከሌላ መሥሪያ ቤት የተገኘ ቢጋር (የሚፈለገውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ) ስሙን ብቻ ቀይሮ ማውጣት ልማዳችን ነው። አንድ ጊዜ የገመገምኩት ሰነድ ውስጥ ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት የሌለው የሥራ ክፍል ተጠቅሶ ነበር። ሌላው ልማድ ከአንድ ድርጅት ብሮሹር መገልበጥ ነው፤ ተጫራቾች ወዲያው ያውቁታል፤ አቤቱታውም ይከተላል። የምርት ስም መጥቀስ ግድ ከሆነ «ወይም ተመጣጣኝ» ይባል።

የምትፈልጉትን በሥራ ቋንቋ ጻፉ። «ዘመናዊ፣ ተለዋዋጭና ለተጠቃሚ ምቹ ሲስተም» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ተጫራች «አሟላለሁ» ብሎ ይሞላዋል። «የወረዳው ባለሙያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ማመልከቻ መዝግቦ፣ መስመሩ ሲመለስ መዝገቡ ሳይደጋገም ወደ ማዕከል ይሄዳል» ማለት ግን ሊፈተን የሚችል ነገር ነው።

ሙሉ በሙሉ አዲስ እንሥራ ወይስ አሮጌውን ደረጃ በደረጃ እናሻግር የሚለውን በአንድ ልብ መወሰን ያስፈልጋል። እኔ ደረጃ በደረጃ ባይ ነኝ። የመንግሥት ሒሳብ ኢቤክስ ከተባለው የድሮ ሲስተም ኢፍሚስ ወደተባለው የተሻገረው በአንድ ሌሊት አልነበረም፤ ተቋማት በየተራ ነው የገቡት። ሁሉን በአንድ ቀን የሚቀይር ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ችግር ሲመጣ ግን መመለሻ የለውም።

የትኛው ዳታቤዝ ለሚለው ፖስትግሬስን አስቡበት፤ ዩኒኮድን በደንብ ይይዛል፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም። የሚያስተዳድረው ባለሙያ ከሌላችሁ ግን ነፃ መሆኑ ብቻውን አያዋጣም፤ ያን ጊዜ የሥልጠናውን ወጪ አስሉ። የኦራክል ወይም የማይክሮሶፍት ፈቃድ የምትገዙ ከሆነ ዋጋው በዶላር የተመሠረተ መሆኑን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በብር ዋጋ ሰጥተው የነበሩ ድርጅቶች ውል መፈረም ከብዷቸው ነበር። የዋጋው ጸንቶ መቆያ ጊዜ አጭር ይሁን፤ ፈቃዱ ከአገልግሎቱ ተለይቶ ዋጋ ይውጣለት።

የግዥው መንገድ

ሕጉ ተቀይሯል። የድሮው የግዥ አዋጅ 649/2001 ቦታውን ለአዋጅ 1333/2016 ለቋል፤ ሰነዳችሁ አሁንም የድሮውን ቁጥር የሚጠቅስ ከሆነ አርሙት። የፌዴራል ተቋማት ግዥ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓቱ በኩል ያልፋል፤ ለተጫራች ጥያቄ የምትሰጡት ማብራሪያም በዚያው ለሁሉም እኩል ይድረስ እንጂ በስልክ ለአንዱ አትንገሩ።

ስታወጡት የምትፈልጉትን በግልጽ መጻፍ ካልቻላችሁ፣ እንዲህ ባለ ሥራ ብዙ ጊዜ አይቻልምና፣ የሁለት ደረጃ ጨረታን አስቡ። በመጀመሪያው ደረጃ ዋጋ የሌለው የቴክኒክ ሐሳብ ይቀርባል፤ ትወያዩበታላችሁ፤ ስፔኩን ታስተካክላላችሁ፤ ከዚያ በሁለተኛው ዋጋ ይመጣል። ጊዜ ይወስዳል ብለው የግዥ ሰዎች አይወዱትም። የማሻሻያ ውል እየተፈረመ ከሚባክነው ጊዜ ግን ያንሳል። ዳታውን አስቀድሞ የሚያጠና አማካሪ የምትቀጥሩ ከሆነ፣ ያ አማካሪ በዋናው ጨረታ እንደማይወዳደር ከመጀመሪያው ይነገረው።

የድሮው ድርጅት መጥቶ «ሲስተሙን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ ያለ ጨረታ ስጡን» ማለቱ አይቀርም። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እነሱ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ ችግሩ ያ ራሱ ነው፤ በቀጥታ ግዥ ስትሰጧቸው ለሚቀጥለው አሥር ዓመት ታራዝሙታላችሁ።

ስለ ጊዜ፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም እንደማናውቅ እንሆናለን። ሚያዝያ ላይ ወጥቶ ሰኔ ላይ ውል የሚፈረምበት የሲስተም ጨረታ የሚመራው በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን በመፍራት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ሰነዱን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጨርሱ፤ ሥራው ከአንድ ዓመት የሚያልፍ ከሆነም ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ያልተሠራ ሥራ ሰኔ ላይ «ተረክበናል» ተብሎ ሲፈረም አይቻለሁ፤ በማግሥቱ ስልክ የሚያነሣ አልነበረም።

ግምገማው በራሳችሁ ዳታ ይሁን

ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱልኝ ይበቃኛል። ከዳታችሁ አምስት መቶ ረድፍ ገደማ ምረጡ፤ ሆን ብላችሁ ክፉ ክፉውን። ጥቅምት 28 የበዛበትን፣ ጳጉሜ ሊሆን የሚገባውን መስከረም 1፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈውን፣ ኃ/ማርያምን፣ ሁለት አቆጣጠር የተቀላቀለበትን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስላለ እውነተኛውን ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር በሌላ ተኩ፤ ስትተኩ ግን የፊደሉ ባሕርይ እንዳይጠፋ በዚያው ፎንት ተኩ። የቴክኒክ መነሻውን ያለፉ ተጫራቾች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ ያንኑ ፋይል ተቀብለው ለውጠው ያሳዩ። ፈተናውና የነጥብ አሰጣጡ በጨረታ ሰነዱ ላይ መኖር አለበት፤ ከሌለ በኋላ ልትጨምሩት አትችሉም።

ነጥብ የምትሰጡት ባማረ ስላይድ አይደለም። ስንት ረድፍ በትክክል ተሻገረ? ያልተሻገረውን ዝርዝር አውጥቶ «ይህን አልቻልኩም» አለ ወይስ ዝም ብሎ ጣለው? እኔ ሰማንያ ከመቶ አሻግሮ የቀረውን ከነምክንያቱ የዘረዘረውን፣ መቶ በመቶ አሻግሬያለሁ ብሎ ግማሹን ካበላሸው እመርጣለሁ። የፍለጋው ፈተና ቀላል ነው፤ «ሀይሉ» ብላችሁ ጻፉና «ኃይሉ» መምጣቱን እዩ።

የልምድ ማስረጃ ላይ ማኅተሙን ብቻ አትመልከቱ፤ የጻፈውን መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ሲስተሙን የሚነካውን ሰው ጠይቁ። ፊርማው የኃላፊው ነው፤ መልሱ ያለው ግን መዝገብ ቤት ነው። ሲቪው የቀረበው ባለሙያም ሥራው ላይ ይገኝ፤ ሊቀየር የሚችለው በእኩያውና በጽሑፍ ስምምነት መሆኑ ይጻፍ።

ውሉ

ክፍያውን ከወረቀት ጋር አታያይዙት። «የመነሻ ሪፖርት ሲቀርብ» ተብሎ ብዙ ገንዘብ የሚለቀቅበት ውል ጉልበታችሁን ገና በመጀመሪያ ይወስዳል። እኔ ቢያንስ ሲሶው ዳታው ተሻግሮ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲከፈል እከራከራለሁ። ማረጋገጫውም ይታወቅ፦ የረድፍ ቁጥር በየሠንጠረዡ፣ የብር ድምር በየበጀት ዓመቱ፣ በዘፈቀደ የወጡ መዝገቦች ከወረቀት ማኅደር ጋር ሲነጻጸሩ። ከማኅደሩ ጋር የሚያመሳክረው የእናንተ ሰው ይሁን እንጂ የድርጅቱ አይሁን።

ሶርስ ኮዱ የማን ነው የሚለውን ለትርጉም አትተዉት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 ሶፍትዌርንም ይጠብቃል፤ ለእናንተ የተሠራው ኮድ የመጠቀም፣ የመለወጥና ለሌላ ድርጅት ሰጥቶ የማሠራት መብት ለመሥሪያ ቤቱ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ርክክቡ በሲዲ የተሰጠ የፋይል ክምር አይሁን፤ የእናንተ ባለሙያ ከኮዱ ተነሥቶ በባዶ ማሽን ላይ ፕሮግራሙን እስኪያስነሣ ድረስ ኮዱን ተረክባችኋል ማለት አይደለም። ዳታውም በማንኛውም ጊዜ በሲኤስቪ (ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) እና በዩኒኮድ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንዲችል ይሁን፤ ያለዚያ ነገ ይህን ሲስተም ስትቀይሩ እንደገና እዚሁ ናችሁ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፍተሻ እንደሚደረግና የሚገኘውን ቀዳዳ ድርጅቱ በራሱ ወጪ እንደሚደፍን አስገቡ። የዋስትና ጊዜው ከመጨረሻው ርክክብ ይቆጠር፤ ሶፍትዌሩ ከተጫነበት ቀን ከተቆጠረ ገና ስትሞክሩት ያልቅባችኋል።

መቀየሪያው

ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜ ጥቅምትንና ጳጉሜን ይሻገር። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ መመዝገብ ይሰለቸዋል፤ ልክ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሳይሆን ጥቂት የሥራ ክፍሎች ብቻ ይደግሙ፤ የትርፍ ሰዓቱም በበጀት ይያዝ። የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ፣ አትቀይሩ።

የድሮውን የሚያውቁ ሰዎችን ያዟቸው። ካናዳ ፊኒክስ የተባለውን የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ሲስተም በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ስታስጀምር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን በእጃቸው ያውቁ የነበሩትን ባለሙያዎች ቀድማ ቀንሳ ነበር። ሲስተሙ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው አልነበረም፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ደመወዙ ቀረ፣ ጎደለ ወይም ተረፈ፤ ጣጣውም ዓመታት ወስዷል። እኛም ቤት ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የመዝገብ ቤት ሰው ነበሩ። የትኛው ዓመት በማን እጅ እንደተመዘገበ፣ ያ ጸሐፊ ጥቅምት 30ን ወደ 28 ይመልስ ወይስ ወደ ኅዳር 1 ይገፋ፣ በቃላቸው ያውቁታል። ጡረታቸው ሲደርስ ለማረም ሥራው በኮንትራት አስቀረናቸው፤ ከገዛናቸው ነገሮች ሁሉ ርካሹ እሳቸው ናቸው።

አሮጌው ሰርቨር ከተዘጋ በኋላ ዳታው ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ኦዲተር ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከሕንፃው ውጭ፤ ሁለቱም በዓመት አንዴ ተነሥተው ይሞከሩ። ለአሸናፊው ድርጅት ሠራተኞች የተከፈተ የርቀት መግቢያና የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሁሉ በመጨረሻው ርክክብ ቀን ይቀየር፤ የተዘጉት መግቢያዎች ዝርዝርም ከርክክቡ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት።